ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ለነርስ ምን ያደርጋል?

በአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ላይ አንዷ ታላቃችን ለነርሲንግ ጀማሪዎች «ኦርጋኒክን ሸምድዳችሁ እለፉ፤ ከፈተና በኋላ አታገኙትም» ስትል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። አሁን ግን ምክሩ ስህተት ነው እላለሁ።

አሚኖ አሲድ በላብራቶሪ የሚሠራበትን የስትሬከር ዘዴ ታስታውሳላችሁ? ጀርመናዊው አዶልፍ ስትሬከር በ1850 እ.ኤ.አ. አሴታልዲሃይድን፣ አሞኒያንና ሃይድሮጂን ሳያናይድን አዋሕዶ በመጨረሻ አላኒን አገኘ። ከመርዝ ተነሥቶ የፕሮቲን መሥሪያ! በዚህ ዘዴ የሚገኘው አላኒን ግን ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ ነው። እንደ ሁለት እጆቻችን ይመሳሰላሉ፤ የአንዱ ጓንት ግን ለሌላው አይሆንም። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው በግራዎቹ ነው።

ፈተናው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጉዳዩ ግን እስከ ሕመምተኛው አልጋ ይደርሳል። በ1967 ኒው ዮርክ ውስጥ ዶክተር ጆርጅ ኮትዚያስ ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች ዶፓ የተባለውን አሚኖ አሲድ ሲሰጥ፣ የተጠቀመው የቀኝና የግራውን ድብልቅ ነበር። ብዙዎቹ ተሻላቸው፤ የአንዳንዶቹ ነጭ የደም ሴል ግን ቀነሰ። በኋላ ግራው ብቻ፣ ሌቮዶፓ፣ መሰጠት ጀመረ። ሞንሳንቶ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ኖውልስም ግራውን መርጦ የሚያስገኝ ካታሊስት ሠርቶ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። (ካታሊስት በአማርኛ ምን እንደሚባል እናቴን ብጠይቃት «እኔ ምን አውቄ» አለችኝ።)

በልምምድ የሄድኩበት የአረጋውያን መኖሪያ አንዲት ሀበሻ እናት ሌቮዶፓቸውን ከምሳ ጋር ነበር የሚወስዱት። ምሳው ሥጋ ወይም እንቁላል የሆነ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ እጃቸው ይገትራል። «ልጄ፣ መድኃኒቱ ዛሬ እንቢ አለ» ይሉኛል። እኔም «ይሠራል እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ» እላቸዋለሁ። ሌቮዶፓ ራሱ አሚኖ አሲድ ነው፤ ከሥጋው የሚወጡ አሚኖ አሲዶችም ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል በዚያው በር ስለሚገቡ ይጋፉታል። በኦርጋኒክ ጥሩ ውጤት ነበረኝ፤ ሁለቱን ለማገናኘት ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያን ጊዜ ሁሉ ቡናቸውን በሰው እጅ ጠጡ።

ለኃላፊዋ ነርስ ነገርኳት፤ ሐኪሙ ሰዓቱን ከምሳ በፊት አደረገው። ሁሌም ባይሆን፣ አሁን ሲኒውን ራሳቸው ያነሣሉ።

እያንዳንዱን ቀስት መሳል ለነርስ ግዴታ ነው አልልም፤ እሱ በእውነት ያሰለቻል። ግን የቅዳሜ ጥናት ቡድናችን ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ጋር አንድ መድኃኒት ይዞ ይቅረብ። ሌቮዶፓን እኔ እጀምራለሁ።