«አንቱ» ለሚባሉ አላጋጮች

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በውጭ አገር አንዳንድ ሰዎች «እሱ» ወይም «እሷ» መባል የማይስማማቸው ሆኖ በሌላ ተውላጠ ስም ጥሩን ማለታቸውን ሰምቶ የሚያላግጥ ሰው አይጠፋም። «አንዲት ቃል ምን ታደርጋለች?» ይላል።

ይህን የሚለው አማርኛ ተናጋሪ ሲሆን እጅግ ያስገርማል። ለአንቱታ ከበቃ በኋላ አንድ ልጅ እግር «አንተ» ቢለው ፊቱ አይጠቁርምን? «እርሳቸው» ስንል ወንድ ይሁኑ ሴት ሳንለይ ክብራቸውን ብቻ እንናገራለን። እንግዲህ ተውላጠ ስም ክብርን እንደሚሰጥና እንደሚነፍግ ከእኛ ይበልጥ ማን ያውቃል?

«አዲስ ቃል መፍጠር ቋንቋን ማበላሸት ነው» የሚልም አለ። ነገር ግን አሜሪካዊው ቻርልስ ኮንቨርስ ወንድና ሴትን የማይለይ ተውላጠ ስም ለእንግሊዝኛ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ቃሉ ሥር ሳይሰድ ቀረ። ስዊድኖች ግን ከወንዱ «ሀን» እና ከሴቷ «ሁን» ሌላ «ሄን» የሚል ጨመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የስዊድን አካዳሚ በመዝገበ ቃላቱ አስገባው። ስዊድንኛም አልፈረሰም።

ምላስ ስቶ ቢሳሳት ነውር የለበትም፤ ይቅርታ ብሎ ማረም ነው። ነውሩ ሰውየው እንደሚያዝን እያወቁ መጠሪያውን መንፈግ፣ ይልቁንም በሰው ፊት መሳለቂያ ማድረግ ነው። ባልንጀራህ ሲሳለቅ አብረህ አትሳቅ፤ በትክክለኛው መጠሪያ ጥራና አስተምረው።

«ነገሩ አልገባኝም» አትበል። ለማታውቀው ሽማግሌ «አንቱ» የምትለው ታሪኩን መርምረህ ነውን? አክብሮት መርምሮ እስኪጨርስ አይጠብቅም።