ከግድግዳው ጀርባ ያለው ክፍል

ኒውላንድ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት ሰሞኑን «ሲስተር፣ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ሲነካካ ያድራል፤ ምን ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ግድግዳው በላፕቶፕ ውስጥ ያለ ግድግዳ ነው። ልጁ 15 ዓመቱ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ይማራል። ጅማ የሚማር የአጎቱ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ሳለ በፍላሽ አንድ ጌም ጫነለትና ሄደ። ጌሙ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ልጁ እራት ሲጠራ አይሰማም፤ ጠዋት ለትምህርት ሲቀሰቀስ ደግሞ ጨርሶ አይሰማም።

እናቲቱን ያስጨነቃት ግን ከሁሉ በላይ ተኩሱ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2014 ጋምቤላ ከተማ የነበረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ልጁ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከእናቱና ከታናሽ እህቱ ጋር አልጋ ሥር ተኝቶ ነው የዋለው። ዛሬ ከዚያው ቤት፣ ከዚያው ክፍል፣ በየማታው የጠመንጃ ድምፅ ይወጣል። እናቲቱ ላፕቶፑን ልትሸጠው ገዢ እስከ ማፈላለግ ደርሳ ነበር። «አንድ ሳምንት ታገሺኝ» አልኳትና ሁለት ከሰዓት በኋላ ከልጁ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የጌሙ ስም ዱም ይባላል። ኢድ ሶፍትዌር የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1993 ያወጣው ነው። ይህን የሚያነቡ ብዙ ወላጆች ራሳቸው ያኔ ልጆች ነበሩ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ልክ በዋዜማው የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ጌሞች ልጆችን ያበላሻሉ ወይ ብለው ሲመክሩ ነበር የዋሉት። በጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ የራሱን ሙሉ አካል አያይም፤ ከፊቱ የሚታየው እጁና የያዘው መሣሪያ ነው። ጠላቶቹ ጭራቆችና አጋንንት ናቸው። ደሙ ብዙ ነው፤ ምስሉ ግን ሻካራ ስለሆነ ለኔ ዓይን አሻንጉሊት ይመስላል። ሆኖም በአሜሪካው የዕድሜ ደረጃ አሰጣጥ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው የተፈቀደ ነውና የ15 ዓመት ልጅ ሊጫወተው አይገባም የሚል ወላጅ ቢኖር አልከራከረውም።

ልጁ ግን የሚጫወተው ኩባንያው የሠራውን ደረጃ አይደለም። ጆን ካርማክ የተባለው ባለሙያ ጌሙን ሲጽፍ ሞተሩን ከሥዕሉና ከካርታው ለይቶ አስቀመጠው፤ ስለዚህ ማንም ተጫዋች የራሱን ካርታ ሠርቶ ማስገባት ይችላል። ከ30 ዓመት በላይ አለፈ፤ አፍቃሪዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ አዳዲስ ደረጃ ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ያለ ክፍያ። ልጁ የያዘው ፕሉቶኒያ የሚባለውን ነው። ዳሪዮ እና ሚሎ ካሳሊ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው የሠሩት። መጀመሪያ እንደማንኛውም አፍቃሪ በትርፍ ጊዜያቸው ካርታ ይሠሩ ነበር፤ ኩባንያው ሥራቸውን አይቶ 32 ደረጃ አሠራቸውና እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ቀረበ። የታሰበው የቀድሞውን ጌም በከባዱ ደረጃ ለጨረሱና ሌላ ፈተና ለሚሹ ሰዎች ነው፤ ማለትም ለማሰቃየት ነው። ልጁ በአንድ ክፍል ውስጥ 20 ጊዜ ሲሞት ቆጥሬያለሁ። ከጭራቆቹ አንዱ የሞቱትን ጓደኞቹን ከመሬት ያስነሳል። እንዲህ ያለ ባለሙያ በሥራ ዘመኔ አንድም ቀን አላጋጠመኝም።

ግድግዳው ላይ ልምጣ። በዱም እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ጌሙ ውጤት ያወጣል፤ ስንት ጠላት ገደልክ፣ ስንት ዕቃ ሰበሰብክ፣ ስንት ምስጢር አገኘህ ብሎ በመቶኛ ይነግርሃል። ምስጢር የሚባለው ከሐሰት ግድግዳ ጀርባ የተደበቀ ክፍል ነው። ውስጡ መድኃኒት፣ ጥይት ወይም ጥሩ መሣሪያ ይቀመጣል። እንደ ፕሉቶኒያ ባለ ከባድ ደረጃ እነዚህን ያላገኘ ተጫዋች በባዶ እጁ ይሞታል። ከ32ቱ ደረጃዎችም ሁለቱ የተደበቁ ናቸው፤ 15ኛው ላይ ምስጢራዊውን መውጫ ያላገኘ ሰው 30 ደረጃ ተጫውቶ ጨረስኩ ይላል፤ ሁለቱ መኖራቸውንም ላያውቅ ይችላል።

«ታዲያ ግድግዳው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ወይ?» አልኩት። «አይደለም፣ እማማ፤ ይዩት» አለኝ። ከአምስት ዓምዶች አንዱ ላይ የድንጋዩ ሥዕል በትንሹ ዝቅ ብሎ ተለጥፏል። ሌላ ቦታ ምክንያት የሌለው መብራት በርቷል። አንድ መስኮት ውስጥ መድኃኒት ይታያል፤ ወደሱ የሚያስገባ በር ግን የለም። ስለዚህ መንገዱ ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ካርታውን ከፈተ። በሁለት ክፍሎች መካከል ምንም ያልተሣለበት ባዶ ቦታ አለ፤ ስፋቱ አንድ ክፍል ያህላል። «ካርታ ሠሪው ይህን ያህል ቦታ በከንቱ አይተውም» አለኝ። ግድግዳው ፊት ቆሞ ረጅሙን ቁልፍ ሲጫን ምንም የለም። ዞር ብሎ ሌላውን ተጫነ፤ ምንም። ሦስተኛውን ተጫነ። ከኋላችን የሊፍት ድምፅ ተሰማና ጉልበቴን አስይዞኝ ብድግ አልኩ።

እኔ ወጣት ነርስ ሳለሁ የተማርኩት ይኸው ነው። የሕፃን ሆድ ዳስሰን ያበጠ ጣፊያ የምንፈልገው፣ መዳፉ ነጣ አለ ወይ ብለን ከእናቱ መዳፍ ጋር የምናስተያየው፣ ልብሱን ገልጠን ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል ወይ ብለን የምንቆጥረው፣ ሁሉም ከሌላው ትንሽ የተለየውን ቦታ መፈለግ ነው። ልጁ ይህን ዓይን በራሱ አሳድጎታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 33 የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን መርምሮ፣ በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ጌም ይጫወቱ የነበሩት በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና ልምምድ ላይ 37 በመቶ ያነሰ ስህተት ሠሩ ብሏል። 33 ሰው ጥቂት ነው፤ ጌሙ ጎበዝ አደረጋቸው ወይስ ቀድሞውንም እጃቸው የፈጠነ ነበር የሚለውም ያጠያይቃል። ልጃችሁ ዱም ስለተጫወተ ሐኪም ይሆናል እያልኳችሁ አይደለም።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ልጁ ነው የነገረኝ፣ ደስም ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሁለተኛው ዱም፣ 15ኛው ደረጃ ላይ አንድ ምስጢር ነበር። ጌሙ ምስጢሩን የሚቆጥረው ተጫዋቹ ወለሉን ሲረግጥ ነው፤ እዚህ ቦታ ግን ገና ሳይረግጠው ወደ ሌላ ቦታ ይወረወራል። ስለዚህ ማንም በደንቡ ተጫውቶ መቶ በመቶ ማግኘት አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ተጫዋች ከጭራቆቹ በአንዱ እየታገዘ ወለሉን ረገጠው። 24 ዓመት! ከጌሙ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ጆን ሮሜሮ ራሱ በይፋ እንኳን ደስ አለህ አለው። እኛ በልጅነታችን «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም» እያልን የተደበቅን ሰዎች፣ ለ24 ዓመት ያልተገኘ ድብብቆሽ ሲነገረን ማድነቃችን አይቀርም።

አሁን ወደ ተኩሱ ልመለስ፤ እናቲቱ የጠየቀችኝ እሱን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ኮሎምባይን ትምህርት ቤት ተማሪዎችን የፈጁት ሁለት ወጣቶች ዱም ይጫወቱ ስለነበር ብዙ ሰው ጌሙን ወነጀለ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ባወጣው አቋም፣ ኃይል የበዛባቸው ጌሞች እንደ መጮህና መገፋፋት ካለ ቁጡነት ጋር አነስተኛ ግንኙነት አላቸው፤ ነፍስ ከማጥፋት ጋር ለማያያዝ ግን በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ይህ ለአሜሪካ ልጆች ነው። እውነተኛ ተኩስ ሰምቶ አልጋ ሥር ለዋለ ልጅስ? ራሱን ጠየቅኩት። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል እንዲህ አለኝ፦ «እማማ፣ እዚህ ስሞት እንደገና እጀምራለሁ። በሩም ባይታይ አንድ ቦታ አለ። ያን ቀን በሩ የት እንዳለ እያወቅን መውጣት አልቻልንም።»

እኔ ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን ሽጪው ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ልጁ እንቅልፉ አያባንነውም፣ በር ሲመታ አይደነግጥም፣ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል። የታናሽ እህቱ ነገር ግን የተለየ ነው። ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ስምንት ነች። ጌሙ ሲተኮስ ወደ ጓዳ ትሮጣለች። አንዳንድ ሌሊት አልጋዋን ታረጥባለች። እናቲቱ ይህን የነገረችኝ በመጨረሻ፣ በር ላይ ስትሸኘኝ ነው። ቤት ውስጥ እርዳታ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ያኔ ታየኝ። ልጅቷን ጤና ተቋም ይዛ እንድትሄድ፣ የሆነውንም ለባለሙያው ሳትደብቅ እንድትነግር አደረግን፤ አብሬያት ሄጃለሁ። ወንድሟ ደግሞ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ድምፁን አጥፍቶ ወይም በጆሮ ማዳመጫ እንዲጫወት ተስማማ። ምክንያቱን ስንነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አለን።

የጊዜው ጉዳይ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት የጌም ሱስን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ማቆም አለመቻል፣ ጌሙን ከሁሉ ነገር ማስቀደም፣ ጉዳት እያየ መቀጠል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲቆይና ኑሮን ሲያናጋ ነው በሽታ የሚባለው። ሁለት ወር ያመሸ ልጅ ሱሰኛ አይባልም፤ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ነው። ለሱ መድኃኒቱ ሰዓት ነው።

ሰዓቱን ስንወስን ግን ያከራከረን ሱሱ ሳይሆን ትንኝ ነው። እንደምታውቁት በመጋቢት ሙቀት ጋምቤላ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። ልጁ ማታ ማታ በረንዳ ላይ፣ ከአጎበር ውጭ፣ እግሩንና እጁን አራቁቶ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጥ ነበር። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ባለፈው ዓመት ሁለቴ ወባ ይዞት ከትምህርት ቀርቷል። እናቲቱ ጭራቆቹን ፈርታ ትንኟን ረስታ ነበር። አሁን ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይጫወታል፤ የቤት ሥራውን ከሠራ ብቻ። ሲጨልም ላፕቶፑ እናቱ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል። መብራት የጠፋ ቀን ባትሪው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሚይዝ ክርክር የለም።

ደግሞ አንድ ነገር ለወላጆች፦ አጠገባቸው ተቀመጡ። ምን እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። ዱም አምስት የክብደት ደረጃ አለው፤ የቀላሉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለመሞት ገና ልጅ ነኝ» ይሆናል። ልጁ ይህን ደረጃ ለመምረጥ ያፍር ነበር፤ ምስጢር ለመፈለግ ግን የሚሻለው እሱ ነው፤ ጠላቱ ስለሚቀንስ ግድግዳውን ተረጋግቶ ለማየት ጊዜ ይሰጣል። አሁን በዚያ ነው የሚጫወተው። ባለፈው ቅዳሜ 15ኛው ደረጃ ላይ ደርሷል። መውጫውን ገና አላገኘውም፤ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ «ያኛው ግድግዳ ቀለሙ ይለያል» እያለች በጣቷ ታሳየዋለች።