ድሃው ሜጋባይትን ለምን በውድ ይገዛል?

ጤፍ በኩንታል የሚያስገባ ቤት በኪሎ ከሚሸምተው ያነሰ ይከፍላል። ከሰል በጆንያ የሚገዛውም በፌስታል ከሚገዛው ያተርፋል። ይህን ከእናቶቻችን በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለዚህ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ችግሩ የኩንታሉ ብር በአንድ ጊዜ እጅ ላይ አለመኖሩ ነው። ዛሬ ኢንተርኔትም ልክ እንደ ጤፉና እንደ ከሰሉ ሆኗል። ትንሽ ትንሽ እየገዛ የሚጠቀመው ሰው ለእያንዳንዷ ሜጋ ከሁሉም በላይ ይከፍላል።

ስለ ስልክ ወጪ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምክር “ዳታችሁን አጥፉ፣ ቲክቶክ ቀንሱ” የሚል ነው። ክፋት የለውም፣ እኔም ከታች ጥቂት ምክር አለኝ። ግን መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው፤ ምክንያቱም በየቀኑ ትንሿን ጥቅል የሚገዛው ወጣት ሒሳብ ስለማይችል አይደለም እንደዚያ የሚያደርገው።

እዚህ እንዴት ደረስን?

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በሞባይል ድምፅ ጥሪ ላይ 40 በመቶ፣ በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ደግሞ 43 በመቶ ቅናሽ ሲያደርግ ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሐሳብ ዳታ ማብራት ጀመርን። ቀጥሎ ውድድር መጣ። በግንቦት 2013 ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ በነሐሴ 2014 በድሬዳዋ፣ በመስከረም 2015 ደግሞ በአዲስ አበባ አገልግሎት ጀመረ። በ09 ብቻ ያደግን ልጆች 07 የሚጀምር ቁጥር ያዝን። ሁለት ሲም መያዝ ፋሽን ሳይሆን የቁጠባ ዘዴ ሆነ።

ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወሰነና የብር ዋጋ በአጭር ጊዜ ውስጥ በከፍተኛ መጠን ወረደ። የኔትወርክ ዕቃ በዶላር ነው የሚገዛው፤ የሳፋሪኮም ባለሀብቶችም ያወጡትን የሚቆጥሩት በብር አይደለም። ከዚያ ወዲህ የጥቅል ዋጋ ወደ ላይ መሄዱ ማንንም ሊያስገርም አይገባም። ውድድር ዋጋ ያወርዳል ብለን ተምረናል፣ እውነት ነው፤ ግን የሁለቱም ተወዳዳሪዎች ወጪ አብሮ ከወጣ ውድድሩ የሚያደርገው ጭማሪውን ማለዘብ ብቻ ነው።

የ10 ብሯ ሒሳብ

ለስሌት እንዲመቸን ክብ ቁጥር እንውሰድ (የየትኛውም ኩባንያ ዋጋ አይደለም)። ዕለታዊ ጥቅል 100 ሜጋ በ10 ብር፣ ወርሃዊ ጥቅል 2,000 ሜጋ በ100 ብር ይሸጣል እንበል። በየቀኑ 10 ብር የምታወጣ ልጅ በ30 ቀን 300 ብር ከፍላ 3,000 ሜጋ ታገኛለች። አንዷ ሜጋ 10 ሳንቲም ወጣች ማለት ነው። ሁለት ወርሃዊ ጥቅል ብትገዛ ግን 200 ብር ከፍላ 4,000 ሜጋ ይኖራት ነበር። 100 ብር ቀንሳ፣ 1,000 ሜጋ ጨምራ!

ታዲያ ለምን አታደርገውም? ጠዋት ላይ እጇ ላይ ያለው 10 ብር ስለሆነ ነው። 100 ብሩን ለአንድ ጊዜ ማውጣት ማለት የዛሬን ታክሲ ወይም የዛሬን ምሳ መተው ነው። ስለዚህ በወር 100 ብር ተጨማሪ የምትከፍለው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ስላልነበራት ብቻ ነው። እኔ ይህን የድህነት ቅጣት ነው የምለው።

አየር ሰዓት ሲበደሩ ቅጣቱ ይብሳል። ለ10 ብር ብድር 1 ብር ተቆርጦባችሁ በሦስት ቀን ብትመልሱ፣ ለሦስት ቀን ብቻ 10 በመቶ ወለድ ከፈላችሁ ማለት ነው። እንደዚህ ዓይነት ወለድ ባንክ ቢጠይቃችሁ ጥላችሁት ትወጣላችሁ። ለአስቸኳይ ጥሪ መበደር ምንም አይደለም፤ በየሳምንቱ ከሆነ ግን ቀስ በቀስ ኪስ ያራቁታል።

ለመሆኑ ስንት ብር ነው “ተመጣጣኝ” የሚባለው? የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን በ2010 ዓ.ም. ያስቀመጠው ግብ መነሻ የኢንተርኔት አገልግሎት ከአማካይ የነፍስ ወከፍ ወርሃዊ ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። አማካይ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል፤ በራሳችን ደመወዝ እንለካው። በመስከረም 2018 በተጀመረው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማስተካከያ ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆኗል። የእሱ 2 በመቶ 120 ብር ነው። ዲግሪ ይዞ ለሚጀምረው 11,500 ብር ደግሞ 230 ብር። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ፣ ካፌ ውስጥ በ3,000 ብር የምትሠራ ልጅ ካለች የእሷ 60 ብር ብቻ ነው። በምሳሌያችን በየቀኑ 10 ብር የምታወጣው ልጅ ይህቺ ብትሆን፣ ከደመወዟ 10 በመቶውን ለዳታ ትከፍላለች። የሥራ ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ በሚለጠፍበት ዘመን ደግሞ “አትጠቀሚ” ማለት “ሥራ አትፈልጊ” እንደማለት ነው።

ትልቁም ጥቅል ሁልጊዜ አያዋጣም

ወደ ሌላው ጽንፍ እንዳንሄድ። ያንኑ 2,000 ሜጋ በ100 ብር ገዝታችሁ 1,000 ብቻ ተጠቅማችሁ ቀሪው ጊዜው ካለፈበት፣ አንዷን ሜጋ የገዛችኋት ልክ እንደ ዕለታዊው በ10 ሳንቲም ነው። ከግማሽ በታች ከተጠቀማችሁ ደግሞ ዕለታዊው ይሻላችኋል። ስለዚህ ዋጋውን ማካፈል ያለባችሁ ጥቅሉ ላይ በተጻፈው ሜጋ ሳይሆን በእርግጥ በምትጠቀሙት ሜጋ ነው። የራሳችሁን ልክ ለማወቅ ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ “ዳታ አጠቃቀም” የሚለውን ክፈቱ፤ በወር ስንት እንደጨረሳችሁና የትኛው አፕ እንደበላው ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

የሌሊት ጥቅል የሚረክሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። ማማው፣ ጄኔሬተሩ፣ ፋይበሩ ሌሊትም ቆመው ያድራሉ፤ የሚጠቀም ሰው ግን ጥቂት ነው። ኩባንያው ባዶ ከሚያድር በርካሽ ቢሸጠው ያተርፋል። እናንተም ቪዲዮ፣ የትምህርት ፋይልና የአፕ ማሻሻያ ወደዚያ ሰዓት ብትወስዱ ሁለታችሁም ተጠቀማችሁ።

የውጭው ጥሪስ? ክፍያው ወደ ማን ዞረ?

ዱባይ ወይም ቤይሩት ያለች እህት፣ ዋሽንግተን ያለ ወንድም የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ድሮ ውጭ ያለው ሰው የጥሪ ካርድ ገዝቶ ይደውላል፣ እዚህ ያለችው እናት ዝም ብላ ታነሳለች። ውድ ነበር፤ ግን ሙሉ ወጪው የደዋዩ ነበር። አሁን በኢሞ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም ስናወራ “ነፃ ነው” እንላለን። ነፃ የሆነው ግን ለማን ነው? የኢንተርኔት ጥሪ ከሁለቱም ወገን ዳታ ይበላል። ያ ማለት ድሮ በአንዲት ተራ ስልክ ያለ ምንም ወጪ ታነሳ የነበረችው እናት አሁን ስማርትፎንም፣ ያላለቀ ጥቅልም ያስፈልጋታል። በጠቅላላው ወጪው ወርዷል፣ ከፊሉ ግን ዶላር ወይም ድርሃም ከሚያገኘው ሰው ወደ እናት ቤት ተሻግሯል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ ይህን ሒሳብ ንገሩት። በየወሩ ከሚልከው ላይ ለእናት ወርሃዊ ጥቅል የሚሆን ለይቶ ቢመድብ፣ ቀጥታ ስልክ ቢደውል ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ነው። የድምፅ ጥሪ በደቂቃ የሚበላው በግምት ከ1 ሜጋ አይበልጥም፤ ቪዲዮው ግን ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ስለዚህ ፊት ለፊት ሰላም ተባባሉና የቀረውን ወሬ በድምፅ ቀጥሉ። ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ለጥሪ አነስተኛ ዳታ እንዲጠቀም የሚያደርግ ምርጫም አለ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የዋትስአፕ ጥሪ የተገደበ ስለሆነ፣ እዚያ ያለ ሰው ቦቲም የመሰለ የተፈቀደ አፕ ነው የሚጠቀመው። እህታችሁ ዋትስአፕ ላይ አልሰማችሁም ማለት ዘጋችሁ ማለት አይደለም።

ዛሬ ማድረግ የምትችሉት

ጥቅላችሁ ሲያልቅ ዳታ ክፍት ከሆነ ዋናው ሒሳባችሁ በመደበኛ ታሪፍ መቆረጥ ይጀምራል፤ መደበኛው ደግሞ ከጥቅል እጅግ ይወደዳል። ስለዚህ ዋና ሒሳብ ላይ ብዙ ብር አታስቀምጡ። ቴሌግራም ላይ በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት፤ 40 ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ጥቅሉ “የት እንደገባ” የሚጠፋው በዚህ ነው። ዩቲዩብን ወደ 360 አውርዱት፤ በስልክ ስፋት ልዩነቱን ብዙም አታዩትም።

ሁለት ሲም ካላችሁ ሥራ አከፋፍሏቸው። ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ሲደወል የደዋዩ ኩባንያ ለተቀባዩ ኩባንያ የግንኙነት ክፍያ ስለሚከፍል፣ የጥቅል ደቂቃችሁ “ለራስ ኔትወርክ” ብቻ መሆን አለመሆኑን ሳታነቡ አትግዙ። ብዙ የምትደውሉለት ሰው 09 ከሆነ የድምፁን ጥቅል እዚያ፣ ዳታውን ሰፈራችሁ ላይ የተሻለ በሚስበው ላይ አድርጉ።

ለጥቅል አንድ ጊዜ ማውጣት ለከበዳችሁ ደግሞ መፍትሔው ከአያቶቻችን ዘንድ አለ፤ ዕቁብ። አብረው የሚማሩ ወይም የሚሠሩ አምስት ልጆች በሳምንት 20 ብር ቢያዋጡ በየሳምንቱ ለአንዱ 100 ብር ይደርሰዋል። ያቺ ልጅ ከ10 ብሯ ጥቅል የምትወጣው ይህን በመሰለ መንገድ ነው።

ሁሉንም ግን በእኛ ቁጠባ ላይ መጣል አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል ተቆጣጣሪ አለን። ከእሱ የምጠብቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጥቅል ሲሸጥ የአንድ ሜጋ ዋጋ ከጎኑ ተጽፎ እንዲታይ ያስገድድ፤ ሱቅ ሄዳችሁ ስኳር ስትገዙ ኪሎው ስንት እንደሆነ ትጠይቁ የለ? ሁለተኛ፣ በከፈልንበት ዳታ ላይ የሚጣለው የጊዜ ገደብ፣ በተለይ በትናንሾቹ ጥቅሎች ላይ፣ እንዲራዘም ያድርግ። ኩባንያዎቹ ብዙ ላይከስሩ ይችላሉ፤ 10 ብር ብቻ ይዞ ለሚወጣው ወጣት ግን የተከፈለባት ሜጋ እኩለ ሌሊት ላይ ጠፍታ አለማደሯ ትልቅ ነገር ነው።