አጋዘንን በበቆሎ ማባበል፦ ሳይቃጠል በቅጠል

ኮሎምበስ ዙሪያ የምትነዱ ሁሉ ኅዳር ላይ አጋዘን ድንገት መንገድ ውስጥ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ቁጥሩ በአደን መቀነሱ ብዙም አያከራክርም። የሚያከራክረው በቆሎ ወይም ጨው አፍስሶ፣ አድብቶ መተኮሱ ነው።

በኦሃዮ ይህ በሕዝብ መሬት ክልክል፣ በግል መሬት ግን የተፈቀደ ነው። ደጋፊዎቹ «መሬቱ የኔ፣ በቆሎው የኔ፤ ማንን ምን አገባው?» ይላሉ። ጊዜ ለሌለው ሠራተኛና ለአዛውንት አዳኝ ማገዙም እውነት ነው።

ግን አጋዘን እኮ የመሬት ካርታ አያነብም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከኮሎምበስ በስተሰሜን፣ ዋያንዶት ካውንቲ ውስጥ፣ የዱር አጋዘን ላይ ሲደብልዩዲ የተባለው አእምሮን የሚያጠቃ በሽታ ተገኘ። መድኃኒትም ክትባትም የለውም። በምራቅና በሽንት ይተላለፋል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ወደ ሰው መተላለፉ ባይረጋገጥም፣ ሲዲሲ በሽታው የተገኘበትን ሥጋ አትብሉ ይላል። ታዲያ አንድ የበቆሎ ክምር ላይ አሥር አፍ ሲገናኝ ምን ይሆናል? ከ1880 ዓ.ም. በኋላ የከብት እልቂት ያስከተለውን ክፉ ቀን የሰማን እኛ መልሱን አናጣውም።

ኦሃዮ በሽታው በታየባቸው ካውንቲዎችና አካባቢያቸው ማባበያን ከልክላለች። ይህ ግን እሳት እየተከተሉ መሮጥ ነው። ሚሺጋን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ ለአካል ጉዳተኞች ጠባብ በር ትታ፣ በታችኛው ልሳነ ምድሯ በሙሉ ከልክላለች። ኦሃዮም ለአቅመ ደካሞች እንዲህ ያለ በር ትታ በመላው ግዛት ትከልክል። የግል መሬት መብት የጎረቤትን መንጋ እስከ መበከል አይደርስም።