የጠበቃን ሰዓት ማን ይቁጠር?

እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ መንግሥት የከሰሩ የቁጠባና ብድር ተቋማትን የሚያጣራ ኮርፖሬሽን አቋቋመ። በ1995 መጨረሻ እስኪዘጋ 747 ተቋማትን ሲያጣራ ብዙውን ክስና ውል ለግል ጠበቆች ሰጥቶ ነበር። ጠበቃ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው፤ ሰዓቱን የሚመዘግበውም ራሱ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ይህን ቢሰማ ይስቃል፤ ሚዛኑም ዕቃውም በሻጩ እጅ ነው።

ነገሩ ሐሜት አይደለም። በፍትሕ ሚኒስቴር ሦስተኛው ባለሥልጣን የነበሩት ዌብስተር ሀበል በግል ጠበቃነታቸው ዘመን ደንበኞችን አላግባብ ማስከፈላቸውን በ1994 አምነው፣ በ1995 የ21 ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል። ጉዳዩን ያነሱት ደግሞ የገዛ ሸሪኮቻቸው ነበሩ!

የኦዲተሩ ጥያቄ ቀላል ነው። ለስድስት ደቂቃ ስልክ ለምን ሩብ ሰዓት ተያዘ? ለአንድ ቀጠሮ ለምን ሦስት ጠበቃ ቀረበ? «ጥናትና ስብሰባ፣ 8 ሰዓት» ተብሎ በጅምላ የተጻፈውስ ስንቱ ጥናት፣ ስንቱ ስብሰባ ነው? ችግሩ ኦዲተሩ የሚደርሰው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው፤ ለማስመለስ ደግሞ ሌላ ጠበቃ ያስፈልጋል።

ቁርጥ ዋጋ ይሻላል የሚሉ አሉ። ለተራ የዕዳ ክስ ያስኬዳል፤ በከባድ ክርክር ግን ጠበቃው ቶሎ ተገላግሎ ለመሄድ ይቸኩላል። የሚበጀው መጠየቂያውን ከክፍያ በፊት የሚያነብ ሕግ አዋቂ በመሥሪያ ቤቱ መቅጠር ነው። ደመወዙ በዛ ከተባለ ከመጠየቂያዎቹ ጋር ይመዛዘን።