መኪናው ዘመነ፣ ቁልፉ ጠፋ፦ እስክሪን ውስጥ የተደበቁት መቆጣጠሪያዎች ለምን የደህንነት ጉዳይ ሆኑ?

በጥር 2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ከተሰማ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገድ መልኩ እየተቀየረ ነው። ትናንት ቪትዝና ያሪስ ሞልቶት የነበረው ጎዳና ዛሬ ቢዋይዲ፣ ፎልክስዋገን አይዲ እና ስማቸውን ገና ያልለመድናቸው የቻይና መኪኖች ይርመሰመሱበታል። ስለ ባትሪው ዕድሜ፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያው፣ ስለ መለዋወጫው ብዙ ተብሏል። አንድ ነገር ግን በደንብ አልተወራም፦ እነዚህን መኪኖች ስንነዳ እጃችን ምን ይነካል? ዓይናችንስ የት ነው ያለው?

ጉዳዩ የቅንጦት ይመስላል። ግን አይደለም። በሌላው ዓለም ሰው ሞቶበታል፣ ፍርድ ቤት ወስኖበታል፣ አሁን ደግሞ ደንብ እየወጣበት ነው። እኛ ጋ ግን መኪናው ሲገባ ይህን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም።

▪️ የስዊድኑ ሙከራ ምን አሳየ?

እ.ኤ.አ. በ2022 ቪ ቢላጋሬ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት ቀላል ሙከራ አደረገ። 11 አዳዲስ መኪኖችንና አንድ የ2005 ቮልቮ ቪ70 ሰብስቦ፣ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየተነዱ አራት ተራ ሥራ እንዲሠራባቸው አደረገ። ሙቀት መጨመር፣ ሬዲዮ ከፍቶ ጣቢያ መፈለግ፣ የጉዞ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መመለስ፣ የዳሽቦርዱን መብራት መቀነስ፤ ይኸው ነው። ነጂዎቹ ከመኪኖቹ ጋር እንዲለማመዱ አስቀድሞ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።

በአሮጌው ቮልቮ ሥራው በ10 ሰከንድ አለቀ፤ መኪናው በዚህ ጊዜ ውስጥ 306 ሜትር ተጓዘ። ኤምጂ ማርቭል አር በተባለው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ግን ያው ሥራ 45 ሰከንድ ገደማ ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪናው 1,372 ሜትር ሄዷል። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፣ ሐሳብህ እስክሪን ላይ ሆኖ!

ነገሩ የቻይና መኪና ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው አይኤክስ 928 ሜትር፣ የአሜሪካው ቴስላ ሞዴል 3 ደግሞ 717 ሜትር ፈጅተዋል። በሌላ በኩል እስክሪን ያለው ሁሉ መጥፎ አይደለም። ቮልቮ ሲ40 እስክሪን ይዞም ሥራውን በ14 ሰከንድ ገደማ ጨርሷል፤ በውስጡ የታጨቀው ነገር ትንሽ ነውና። ስለዚህ ጥፋቱን መስታወቱ ላይ ብቻ መጣል አይቻልም። ችግሩ የቱ ነገር የት እንደተቀመጠ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የድሮ መኪና ላይ ጣት መንገዱን ያውቃል። ማሞቂያው የሚዞር ነው፣ የአደጋ መብራቱ ከፍ ብሎ የሚታወቅ ነው፣ የዝናብ መጥረጊያው መሪው ሥር ነው። ዓይን ሳይነቀል እጅ ይደርሳል። እስክሪን ግን ለስላሳ ነው፤ ጣት በዳሰሳ የሚያገኘው ምልክት የለውም። የግድ ማየት አለብህ። መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን ደግሞ ጣት ይዘልና ያልታሰበውን ይነካል። የእኛን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በ120 ለሚሄድ ደግሞ 100 ሜትር ነው። ሦስት ሰከንድ ማለት በእስክሪኑ ላይ አንድ ገጽ ከፍቶ ሌላውን ለመፈለግ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው።

▪️ ታዲያ አምራቾቹ ለምን አደረጉት?

አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቅርጽ ማውጫ፣ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ፍተሻ ይፈልጋል። ሠላሳ ቁልፍ ከመሥራት አንድ እስክሪን ገጥሞ ቀሪውን ለሶፍትዌር መተው ይረክሳል። ያልተጠናቀቀ ነገር ቢኖር እንኳ መኪናው ከተሸጠ በኋላ በኢንተርኔት ይሞላል።

ሁለተኛው ፋሽን ነው። ቴስላ ባዶ ዳሽቦርድና አንድ ትልቅ እስክሪን ይዞ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ትልቅ እስክሪን መሸጫ ቦታ ላይ ዓይን ይስባል። ገዢ ደግሞ መኪና የሚያየው ቆሞ ነው እንጂ በዝናብ እየነዳ አይደለም።

ውጤቱ አንዳንዴ ያስቃል። ፎልክስዋገን አይዲ 4 በነጂው በር ላይ ለአራት መስኮት ሁለት ማንሻ ብቻ ነው ያለው። የኋላውን ለመክፈት መጀመሪያ ሌላ ምልክት ነክተህ፣ ከዚያ ያንኑ ማንሻ መጫን ነው። የመጀመሪያዎቹ አይዲ መኪኖች የድምፅና የሙቀት መነካካቻ ደግሞ መብራት ስላልነበረው ማታ አይታይም ነበር። ኩባንያው ራሱ ትምህርቱን ወስዷል። የፎልክስዋገን የዲዛይን ኃላፊ አንድሪያስ ሚንት በ2025 ለብሪታኒያው አውቶካር መጽሔት ሲናገሩ፣ ድምፅን፣ ሙቀትን፣ የአየር ማራገቢያንና የአደጋ መብራትን የመሳሰሉ ዋና ነገሮች በሚቀጥሉት ሞዴሎች ወደ እውነተኛ ቁልፍ እንደሚመለሱ፣ ይህን ስህተት ዳግም እንደማይሠሩት ገልጸዋል። መኪና ስልክ አይደለም ነው ያሉት።

▪️ የማያስቀው ክፍል

አንቶን የልቺን በስታር ትሬክ ፊልሞች የሚታወቅ ወጣት ተዋናይ ነበር። በሰኔ 2016 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቤቱ ደጃፍ የራሱ ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ ቁልቁል ተንከባሎ ከግንብና ከብረት በር ጋር አጣበቀው። 27 ዓመቱ ነበር።

የዚያ መኪና ካምቢዮ የተለመደው ዓይነት አልነበረም። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ብትገፋው ተመልሶ መሀል ይቆማል። እጅህ ፓርኪንግ ላይ ይሁን ኒውትራል ላይ ሊነግርህ አይችልም፤ የምታውቀው ትንሿን የመብራት ፊደል ካየህ ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች ፓርኪንግ ያስገቡ መስሏቸው ወርደው መኪናው ተንቀሳቅሶባቸዋል። ኩባንያው ከአደጋው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይህ ካምቢዮ ያላቸውን ከ1.1 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ለማስተካከል ጥሪ አድርጎ ነበር። መኪናው የተሰበረ ዕቃ አልነበረውም። ሰውን ያሳሳተው አሠራሩ ነው።

በሮቹም አሉ። ብዙ አዳዲስ ኤሌክትሪክ መኪኖች እጀታቸው ከበሩ ጋር ተለጥፎ የተደበቀ፣ የሚከፈተውም በኤሌክትሪክ ነው። ይህን የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ባትሪ አይደለም፤ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ከደከመች ወይም በግጭት ከተቋረጠች እጀታው ዝም ሊል ይችላል። የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ወደ 174,000 የሚጠጉ የ2021 ቴስላ ሞዴል ዋይ መኪኖች ላይ ምርመራ የከፈተው በዚሁ ነው። መኪና ውስጥ የቀረ ልጃቸውን ለማውጣት መስኮት የሰበሩ ወላጆች ነበሩ። በቀጣዩ ወር ደግሞ በቻይናዋ ቼንግዱ ከተማ የሻውሚ ኤሌክትሪክ መኪና ተጋጭቶ ሲቃጠል፣ ለመርዳት የሮጡ ሰዎች በሩን መክፈት ሲያቅታቸው የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አዳርሷል።

▪️ ደንቡ እየመጣ ነው፣ ግን ለማን?

የጀርመን ፍርድ ቤት ቀድሞ ነው የነቃው። አንድ የቴስላ ነጂ በዝናብ ውስጥ የመጥረጊያውን ፍጥነት በእስክሪን ሲያስተካክል ከመንገድ ወጥቶ ተጋጨ። የካርልስሩህ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. እስክሪኑ እንደ ስልክ የሚቆጠር የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ነው ብሎ የ200 ዩሮ ቅጣትና የአንድ ወር የመንዳት እገዳ አጸና። እዚህ ላይ ቆም በሉ። እኛም አገር ስልክ እያናገሩ መንዳት ያስቀጣል። ከስልክ ሦስት እጥፍ የሚሰፋ እስክሪን ውስጥ ገብቶ ማሞቂያ መፈለግ ግን የመኪናው መደበኛ አሠራር ሆኖ ቁጭ ብሏል።

የመኪኖችን ደህንነት በኮከብ የሚመዝነው የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መመዘኛውን ቀይሯል። ፍሬቻ፣ የአደጋ መብራት፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የድንገተኛ ጥሪ በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ ወይም ማንሻ ከሌላቸው መኪናው ነጥብ ያጣል፣ አምስት ኮከብ ማግኘትም ይከብደዋል። ሕግ አይደለም፤ ኮከቡ ግን ገበያ ስለሆነ አምራች ይሰማዋል።

ትልቁ እርምጃ ከራሷ ከቻይና መጣ። ከ2027 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ በቻይና ለገበያ የሚቀርቡ አዳዲስ ሞዴሎች በራቸው ከውስጥም ከውጭም ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈት መሆን አለበት።

ጥሩ ዜና ነው። ግን ደንቡ የወጣው ለቻይና ገበያ ነው። እዚያ የማይፈለገው አሮጌ ሞዴል ወዴት ይሄዳል? በርካሽ የሚገዛው፣ ሲገባም ስለ በር እጀታው የማይጠይቅ አገር ወዴት ነው ያለው? ስጋታችን እዚህ ላይ ነው።

▪️ የእኛ ጉዳይ

ወደ እኛ ከሚመጡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለውጭ ገበያ የተዘጋጁ አይደሉም። ፎልክስዋገን አይዲ 6ን ውሰዱ። ለቻይና ገበያ ተብሎ የተሠራ ሞዴል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን በሽ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ሲመጣ እስክሪኑ የሚያወራው በቻይንኛ ነው፣ ማስጠንቀቂያውም በቻይንኛ ነው፣ መመሪያ መጽሐፉም እንደዚያው። ሌላው ዓለም "ቁልፉ ከእስክሪን ውስጥ ይውጣ" እያለ ሲከራከር እኛ ገና "እስክሪኑ ምን እያለ ነው?" ላይ ነን።

አስቡት። ክረምት ነው፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዷል፣ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ይዟል። ማጽጃው እስክሪን ውስጥ ነው፣ ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ባትሪው ግሏል ነው የሚለው ወይስ በር አልተዘጋም? የመጀመሪያው ከሆነ ቤተሰብህን ይዘህ ቶሎ መውረድ አለብህ።

"ሰው ይለምደዋል" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ባለቤቱ ከጊዜ ብዛት ምልክቶቹን በቃሉ ይይዛል። ግን መኪናውን የሚነዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። የተቀጠረ ሹፌር አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ገዝቶ የሚወስድ ሁለተኛ ሰው አለ። ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሰው እጁ ወደሚያውቀው ነው የሚሄደው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተሳፋሪማ ጭራሽ የሚለምድበት ዕድል የለውም።

በእኛ አመለካከት ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ኢትዮጵያዊው ገዢ ይህን መኪና ሙሉ በሙሉ ፈልጎ አልመረጠውም። የነዳጁ መኪና ተከለከለ፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከኤክሳይስ ነፃ ሆነ። ፖሊሲው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን የገዢውን ምርጫ ያጠበበ አካል፣ የቀረው ምርጫ ደህና መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት አለበት። ግብር መቀነስ ብቻውን አይበቃም።

የሚጠየቀውም ተራራ አይደለም። ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር እና የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሦስት ነገር ቢያስገድዱ ብዙ ይቀየራል። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያና ዋና መቆጣጠሪያ አስመጪው ከመሸጡ በፊት ቢያንስ በእንግሊዝኛ፣ ቢቻል በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይሁን። ሁለተኛ፣ በሩ ያለ ኤሌክትሪክ የሚከፈትበት ቦታ በግልጽ ጽሑፍና ሥዕል ይለጠፍ፤ በእጅ የማይከፈት በር ያለው መኪና ደግሞ አይግባ። ሦስተኛ፣ የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናው የኤሌክትሪክ መኪናን አሠራር ይጨምር።

▪️ እስከዚያው እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

መኪና ልትገዙ ከሆነ ስለ ኪሎ ሜትሩ ብቻ አትጠይቁ። ቆሞ ሳለ ዓይናችሁን ጨፍኑና ፍሬቻ፣ የአደጋ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያና የመስታወት ላብ ማጽጃ በእጃችሁ ፈልጉ። ካላገኛችሁት እየነዳችሁም አታገኙትም።

ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጉ። በእጅ የሚከፈተው የበር መክፈቻ የት እንዳለ ፈልጉ፤ በተለይ የኋላውን በር፣ አንዳንዱ ሞዴል ላይ ምንጣፍ ሥር ተደብቋል፣ አንዳንዱም ጭራሽ የለውም። ካገኛችሁት ለልጆቻችሁና ለሹፌራችሁ አሳዩ። ከመኪና ስትወርዱም ፓርኪንግ መግባቱን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዛችሁ ውረዱ።

የእናንተ መኪና እስክሪን በምን ቋንቋ ነው የሚያወራው? የኋላ በሩ መብራት ሲጠፋ ይከፈታል? ሞክሩትና የመኪናውን ሞዴል ጠቅሳችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሌላው ከእናንተ ይማራል።