«አማርኛውን ብቻ ያስተካክሉልን»

ከጥቂት ዓመታት በፊት የካርቱን ፊልም የሚሠራ አንድ ስቱዲዮ ደወለልኝ። «መምህር፣ ሥራው አልቋል፤ አማርኛውን ብቻ ያስተካክሉልን» አሉኝ። ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ለጨረሰ ሰው «አማርኛውን ብቻ» የምትለዋ ቃል እንደ ጠጠር ጥርስ ትነካለች። ቢሆንም ሄድኩ።

ሥዕሉ ያምራል፤ መዋሸት አልችልም። አንዲት ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ፣ አንድ ጅብና አንዲት አህያ። ልጅቷ ወደ ምድጃው የተጠጋውን ወንድሟን «ያንን ትኩስ ድስት አትንካ!» ትለዋለች። ታዲያ እጇ «ያንን» ስትል ብድግ ይልና «አትንካ» ላይ ስትደርስ ወርዶ ቁጭ ብሏል። ከንፈሯ ደግሞ መጨረሻው አካባቢ ግጥም ይላል። ጎበዝ፣ እስቲ አረፍተ ነገሩን ደግማችሁ በሉት። ከንፈር የሚያስገጥም «በ» ወይም «መ» አንድ እንኳ የለበትም!

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልጅቷ የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛ ክልከላውን ከፊት ያስቀድማል፤ እጁም አብሮ ይነሳል። አማርኛ ግን ግሱን እስከ መጨረሻ ይዞ ይቆያል። የተገጠመው ከንፈር የእንግሊዝኛው «ፖት» ነው። ለምን በእንግሊዝኛ ተጻፈ? ገንዘብ የሰጡት ሰዎች አንብበው ማጽደቅ ስላለባቸው፣ የሚያነቡትም በእንግሊዝኛ ስለሆነ። እኔ እንግዲህ የተጠራሁት ሥዕሉ ተሥሎ፣ ከንፈሩ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የሥራው «ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር» ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ካርዷ ላይ ማዕረጉ በወርቃማ ፊደል ተጽፏል። «አንቺ እዚህ ምንድነው የምትሠሪው?» አልኳት። «ቀለም እመርጣለሁ፣ መምህር» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ይሄ ማዕረግ ቀለም የመምረጥ ማዕረግ አይደለም። በቴሌቪዥን አኒሜሽን አንድ ሰከንድ በተለምዶ 24 ፍሬም ነው፤ የ11 ደቂቃ ክፍል 15,840 ፍሬም ይሆናል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እያቆዩ ቢቆጥቡ እንኳ 7,920 ሥዕል ነው። ይህን የሚሠሩት ብዙ እጆች ናቸው፤ አንዱ ዳራ ይሥላል፣ አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ አንዱ ድምፅ ይቀርጻል። ታሪኩ ምን እንደሆነ፣ ገጸ ባሕርይዋ ምን እንደምትልና ምን እንደማትል ወስኖ ይህን ሁሉ እጅ አንድ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ድርሰቱ ይቀድማል፣ ከዚያ ስቶሪቦርዱ፣ ከዚያ የተዋናዮቹ ድምፅ፤ ከንፈሩ በድምፁ ልክ የሚሣለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር ማለት ይህን ቅደም ተከተል የሚጠብቅ፣ ሲያስፈልግም «አይሆንም» የሚል ሰው ነው። እኛ ለልጅቷ ማዕረጉን ሰጠናትና «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ቀማናት።

ጅቡን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አህያዋን ሊበላ የሚያደባ ደህና ጅብ ነበር አሉ። ከገንዘብ ሰጪዎቹ አንዱ «ልጆች ይፈራሉ» አለ። ሌላው «የተመጣጠነ ምግብ የሚለው መልእክት አልገባም» አለ። ምን ይደረግ? ጅቡ ጎመን እንዲበላ ተወሰነ! ከዚያም እጁን በሳሙና ታጠበ። በ11 ደቂቃ ውስጥ 7 መልእክት ቆጠርኩ፤ ታሪክ ግን አንድም አላገኘሁም። አህያዋ ከጅብ ጋር ለምን እንደምትኖር፣ ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ የሚያውቅ ሰው ስቱዲዮው ውስጥ አልነበረም።

«መልእክቱ እኮ የልጅ ሕይወት ያድናል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ እጅ መታጠብን የሚንቅ ሰው አይደለሁም። ግን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አስታውሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብቅ ያለችው ቀጭኔ የካልሲ አሻንጉሊት ነበረች። ስለ ፊደልም ስለ ጤናም አስተምራለች። ልጆቹ የወደዷት ግን መጀመሪያ ራሷ ልጅ ስለነበረች ነው፤ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች። ፈጣሪዋ ብሩክታዊት ጥጋቡም መምህርት ስለነበረች ልጅ መቼ እንደሚሰለች ታውቃለች። መልእክቱ በታሪኩ ጀርባ ታዝሎ ሲመጣ ልጁ ይቀበለዋል፤ ብቻውን በር ሲያንኳኳ ግን ቻናሉን ይቀይራል።

ሁለተኛው ማመካኛ ገንዘብ ነው። «እኛ እኮ ዲዝኒ አይደለንም!» እሺ፣ አይደለንም። ግን «ቶም እና ጄሪ»ን የሠሩት ሐና እና ባርቤራም ያጡበት ጊዜ ነበር። ኤም ጂ ኤም የካርቱን ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ1957 ሲዘጋ ወደ ቴሌቪዥን ዞሩ፤ የቴሌቪዥን በጀት ደግሞ ከሲኒማው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ምን አደረጉ? ዮጊ ለተባለው ድብ ኮሌታና ክራባት አሰሩለት። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ! አንገቱ በኮሌታ ከተከፈለ አካሉን እንዳለ ትቶ ጭንቅላቱን ብቻ መሣል ይቻላል። ከሥዕሉ የጎደለውን ንግግሩና ድምፁ ሞሉት። ስለዚህ ገንዘብ ሲያንስ ቃል የበለጠ ይከበራል እንጂ መጨረሻ ላይ «አማርኛውን ብቻ» ተብሎ አይለጠፍም። እኛ ዘንድ ግን ለኮምፒዩተሩ ተከፍሎ፣ ለአየር ሰዓቱ ተከፍሎ፣ ለደራሲው የተረፈው የትራንስፖርት ነው።

ሩቅ መሄድም አያሻም። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ያገር ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ ያደረጉት በምን ነበር? በድምፃቸው፣ በፊታቸውና በተረታቸው እኮ ነው!

ጣቴን የቀሰርኩት በሌሎች ላይ ብቻ ከሆነ ግን አድልዎ ይሆንብኛል። በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የእንስሳት ተረቶች ለካርቱን ፊልም እንዴት እንደሚስማሙ በሚል ርዕስ ሊሠራ ፈልጎ ቢሮዬ መጣ። «ቁም ነገር ያለው ርዕስ ምረጥ» ብዬ መለስኩት። ልጁ ታዛዥ ነበርና ስለ አንድ ታዋቂ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ጥሩ ውጤትም ሰጠሁት። ስቱዲዮው ውስጥ ደራሲ አጣሁ ብዬ ስቆጣ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ደራሲው ያልነበረው እኔ ስለመለስኩት ነዋ! የልጅን ነገር «የልጅ ነገር» ብለን የናቅነው የተማርነው ሰዎች ነን፤ ገንዘብ ሰጪው የመጣው እኛ ትተን በሄድነው ባዶ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነው።

የዚያን ቀን አማርኛውን አላስተካከልኩም። «ድምፁን በአማርኛ ቅረጹና እጁንና ከንፈሩን እንደገና ሣሉት» አልኳቸው። ፕሮዲውሰሩ በትሕትና አመስግኖ ሸኘኝ። ልጅቷ እስከ በር ድረስ ተከትላኝ መጥታ፣ «እኔም መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ብያቸው ነበር፣ መምህር» አለችኝ። ፊልሙ እንዳለ ተላለፈ። እጁ አሁንም «ያንን» ላይ ነው የሚነሳው።

ሌላ ስቱዲዮ ቢደውልልኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሥዕሉ ተጀምሯል?» «አዎ» ካሉኝ አልሄድም።